ዋጃ ብለሽ ጻፊልኝ

ሳሊሀን ያወቅኋት መጠይቅ ይዤ ስሄድ ነው። ከቆቦ በስተምሥራቅ፣ ወደ ጎሊና ወንዝ በሚወስደው መንገድ፣ የምሠራበት ድርጅት የፓፓያና የማንጎ ችግኝ የሚያፈላበት ጣቢያ ነበረው። እሷ እዚያ ችግኝ ታጠጣ ነበር። እኔ ቆቦ ቢሮ ውስጥ ጽዳትና ተላላኪ ነኝ። ስሜ ተናኜ ነው። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ለምን እንዳቆምኩ ሲጠይቁኝ ድሮ እንባዬ ይመጣ ነበር፣ አሁን «እንዲያው ቀረ» ብዬ አልፋለሁ።

በዓመት አንዴ፣ የማሽላው እሸት በሚደርስበት ወራት፣ ደሴ ካለው ዋናው መሥሪያ ቤት የሠራተኞች መጠይቅ ይላክልናል። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጡም። በሥራዎ ምን ያህል ይደሰታሉ፤ የቅርብ አለቃዎ እንዴት ነው፤ ጓንትና ቦቲ በወቅቱ ይደርስዎታል ወይ። ከፊት ለፊታቸው «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «መካከለኛ»፣ «ዝቅተኛ» የሚሉ ሳጥኖች አሉ፤ በአንዱ ላይ ራይት ማድረግ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሌላ ሐሳብ ካለዎት» የሚልና ከሥሩ በነጠብጣብ የተሰመረ ክፍት ቦታ አለ። ስም አይጻፍም።

የቢሮ ሠራተኞች የራሳቸውን በራሳቸው ይሞላሉ። በየጣቢያው ያሉት ግን አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ አንድ ዓመት «ተናኜ ሄዳ ታንብብላቸው» ተባለና በዚያው ጸና። ችግኝ በሚጭነው አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ወረቀቱን ታቅፌ እወርዳለሁ። ያን ቀን መወልወያ አልይዝም፤ እስክሪብቶ ነው የምይዘው። ሙቀቱም፣ አቧራውም፣ መኪናው የወንዙን አሸዋ ሲያቋርጥ ወገቤን ማንገጫገጩም አይታወቀኝም ነበር። ዓመቱን ሙሉ «ተናኜ ውኃ አምጪ፣ ተናኜ ይህን አድርሺ» ስባል ኖሬ፣ አንድ ቀን ሰው ፊቴ ተቀምጦ የምጽፈውን ይጠብቃል።

ሳሊሀ መጀመሪያ ፊቴ ስትቀመጥ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበር። ጥያቄዎቹን «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያለች ቶሎ ቶሎ አለፈቻቸው፤ ልቧ እዚያ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ክፍቱ ቦታ ላይ ስንደርስ ቀና አለች።

«እዚህ ላይ የፈለጉትን መናገር ይቻላል?»

«ይቻላል» አልኳት።

«እንዲያ ከሆነ ዋጃ ብለሽ ጻፊልኝ።»

ዋጃ ምን ብዬ ልጻፍ ብላት ነገሩን አጫወተችኝ። የዋጃ ልጅ ናት። ባሏ ወደ ቆቦ አምጥቷት፣ እሱ ሲሞት ችግኝ ጣቢያው ተቀጠረች። እናቷ ራቢዓ ዋጃ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓይናቸው እየደከመ ነው። ወንድሟ ዓረብ አገር ገብቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። እናቷን ወደሷ ልታመጣቸው ብትለምን ብትለምን «ከዚህ ደጃፍ የምወጣው በቃሬዛ ነው» ብለዋታል። ድርጅቱ ደግሞ ዋጃ ላይ ትንሽ የሽንኩርት ችግኝ ጣቢያ አለው። ወደዚያ ቢያዛውሯት የእናቷን አፍ በውኃ እያራሰች፣ ዓይናቸውን እየሆነች ትኖራለች። ለጣቢያው ኃላፊ ስትነግረው ዝውውር የደሴ ጉዳይ ነው ብሏታል። ደሴን ደግሞ የት ታገኘዋለች? ያገኘችው እኔን ነው።

ዋጃ ሩቅ አይደለም። ሩቅ አገር የሄደ ሰው ቢናፍቅ ወግ ነው፣ የሰማውም ያዝንለታል። ሳሊሀ የምትናፍቀው ግን ከቆቦ በሚኒባስ ተሳፍረው የጀመሩትን ወሬ ሳይጨርሱ የሚደርሱበትን ከተማ ነው። ችግኝ ጎህ ሲቀድ ይጠጣል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይጠጣል፤ መካከሉ ደግሞ ሄዶ ለመመለስ አይበቃም። ከጣቢያው እስከ ቆቦ መንገዱ በእግር ነው። ስለዚህ እዚያው ጣቢያው ጎጆ ውስጥ እያደረች፣ እናቷን የምታየው ዒድ ሲደርስ ወይም ተረኛ ሰው ሲተካላት ነበር። «ሪያድ ቢሆን እኮ ተስፋ እቆርጥ ነበር» ትለኛለች። «ቅርብ መሆኑ ነው የሚያቃጥለኝ።»

ጻፍኩላት። ስጨርስ «የቱ ጋ ነው ዋጃ የሚለው?» አለችኝ። ሁለቱን ፊደሎች አሳየኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጣቷን ላያቸው ላይ አኖረች። ብትጠርገውም ትንሽ ጭቃ ቀርቶባት ኖሮ ምልክቱ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ስም አይጻፍም ቢባልም ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሳሊሀ ወረቀት የሚታወቅ ሆነ።

በየዓመቱ እንዲሁ ነበር። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ካለው የኩርኩራ ዛፍ ጥላ ሥር ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። ከሁሉ የሚበልጡት የጣቢያው ዘበኛ አባ ካሳው ናቸው፤ እሳቸው ሳይመርቁ የሚጀመር ነገር የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም «አሚን» ይላል። ከዚያ እኔ አነባለሁ። የአንዱን መልስ ሁሉም ይሰማል፣ የጎደለውን ይሞላለታል። «ቦቲው እንደተቀደደ ንገራት እንጂ» ይሉታል፤ አለቃዎ እንዴት ነው ሲባል «ሚስቴን እንዳትጽፊያት» ይላል ሌላው። የሳሊሀ ክፍት ቦታ ላይ ስንደርስ ቀና ብላ ታየኛለች፤ እነሱ በአንድ ድምፅ «ዋጃ» ይሉና ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች። ከዚያ ጣቷን ታኖራለች። ወረቀቱ ደሴ ይሄዳል። ከደሴ መልስ መጥቶ አያውቅም። እኛም መልስ መጠበቁን እየተውነው፣ ቀኑን ብቻ መጠበቅ ጀመርን።

በ2010 ዓ.ም. ሙህዲን የሚባል ወጣት የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ሆኖ መጣ። ሰው አክባሪ ልጅ ነው፤ እኔን «እትዬ ተናኜ» ነው የሚለኝ። መጠይቁ ከእንግዲህ በስልክ ነው አለ። ሊንክ ይላካል፣ ሰው ስልኩ ላይ ከፍቶ ይሞላል፣ መልሱ ወዲያው ደሴ ይደርሳል። የድሮዎቹን ወረቀቶች ነገር ጠየቅኩት። ትንሽ አፈረና እውነቱን ነገረኝ። ሳጥኖቹን የሚደምር ሰው ሲገኝ ይደመራሉ፤ ክፍቱ ቦታ ላይ የሚጻፈውን ግን አንብቦ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባው ስላልነበረ፣ እንደታሰረ ይቀመጣል። ያ ሁሉ ዓመት የጻፍኩት ዋጃ እንዲህ ነው የሆነው።

ጸሐፊያችን ፈሪሀ በአዲሱ ነገር በጣም ነው የተደሰተችው። በሩን ገርበብ አድርጋ «ይኸውልሽ ተናኜ፣ አለቃው እኮ የእጅ ጽሑፌን ከመቶ ሰው መሀል ይለየዋል» አለችኝ። «ስም አይጻፍም ይባላል እንጂ በወረቀት ጊዜ ሁሌም በጣም ጥሩ ብዬ ነው የሞላሁት። ዘንድሮ ልኩን ነገርኩት።» ፊቷ በርቶ ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ደግሞም ወረቀቱ ዝናብ ሲመታው፣ ሲጠፋ፣ ደሴ ሳይደርስ ክረምት ሲገባበት አይቻለሁ። ስልኩ ይሻላል የሚሉትን ምን ብዬ እከራከራለሁ?

ደግሞ በዚያ ዓመት አንድ አዲስ ጥያቄ ተጨምሮ ነበር። «በየትኛው ጣቢያ መሥራት ይፈልጋሉ?» የሚል። የዋጃው ጣቢያ ሊሰፋ ነው፤ ሰው ይፈለጋል፤ መልሱ ላይ ዋጃን የመረጠ ነባር ሠራተኛ ቅድሚያ ያገኛል ብሎ ሙህዲን ራሱ ነገረኝ። የክፍት ቦታ ነገር አይደለም፤ የሚቆጠር፣ ሳጥን ያለው ጥያቄ ነው። ለጣቢያው ሠራተኞች መጠይቁ የሚዘጋበትን ቀን እንድነግራቸው ሲልከኝ አይሱዙው እስኪነሳ መጠበቅ አቃተኝ።

ወረቀት አልያዝኩም። ጋቢና ውስጥ እጄን የማኖርበት አጥቼ ቦርሳዬን ጨብጬው ሄድኩ። እስክሪብቶዬ ግን ከልማድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ።

ለሳሊሀ ስነግራት ያጠጣችበትን ባልዲ አስቀመጠችና ሄዳ እጇን ታጠበች። አዲስ ሻሽ አሰረች። በጣቢያው ባለ ንክኪ ስልክ ያለው የውኃ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋሲሁን ብቻ ነው። የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት። ኔትወርክ የሚገኘው የውኃ ታንከሩ አጠገብ ያለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ኩርኩራውን ትተን እዚያ ፀሐይ ላይ ተሰበሰብን። አባ ካሳው መረቁ። ዋሲሁን ሊንኩን ከፈተና ሰውን አየ።

«ሳሊሀ ትቅደም» አለ። «የሷ ነገር የታወቀ ነው።»

ሳሊሀ ደነገጠች። «አባ ተቀምጠው? ምን ነክቶሃል ዋሲሁን፣ ነውር አይደለም እንዴ?»

ሌሎቹም ልክ ናት አሉ። ትልቅ እያለ ትንሽ አይቀድምም፤ ለምግብም፣ ለምርቃትም፣ ለወረቀቱም እንዲያ ነው የኖርነው። አባ ካሳው «ግድ የለም ትቅደም» ቢሉም እሷ እምቢ አለች። ዋሲሁን ስልኩን ወደሳቸው አዞረ።

ጥያቄውን ያነባል፣ እሳቸው ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ያስባሉ። አለቃዎ እንዴት ነው ሲላቸው «ይመስገነው» አሉ።

«አባ፣ ይመስገነው የሚል የለም እኮ። በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ነው ያለው።»

«በጣም ጥሩ በለው። እኔ የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ ነኝ?»

«ቦቲዎስ? የተጫሙት ሸበጥ ነው እኮ።»

«እሱንም ጥሩ በለው። በሰው ፊት ጎደለብኝ ብዬ አላውቅም፣ በስልክ ፊት ልል ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። የት ጣቢያ መሥራት ይፈልጋሉ ሲላቸው ዙሪያቸውን አይተው «የት ልሄድ? እዚሁ» አሉ። ዋሲሁን ጫነው። «እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ አነበበላቸው፣ እሳቸውም ስልኩን «እግዜር ይስጥልን» አሉት።

ከዚያ ሌሎቹ በየዕድሜያቸው ቀጠሉ። ሳሊሀ ተራዋ ሲደርስ ሌላውን ጥያቄ ሁሉ እንደ ልማዷ ሮጠችበት። ጣቢያ የሚለው ላይ ሲደርስ ማንም አልሳቀም። «ዋጃ» አለች። ዋሲሁን ጫነው። «የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» ብላ ጎንበስ አለችና ጣቷን ዘረጋች።

«ኧረ አትንኪው፣ ይለወጣል» አላት።

እጇን ሰበሰበች። «እናመሰግናለን» አለ ስልኩ ለሷም። ወደኔ ዞራ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እኔም አይቼዋለሁ፣ ዋጃ ነው የተነካው፤ ራሴን ነቀነቅኩላት። ወደ መኪናው ስትሸኘኝ ለእናቷ የምትገዛውን መጋረጃ ነበር የምታወራኝ፤ ፀሐይ ዓይናቸውን እንዳይወጋው ለመስኮቱ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ውጤቱ መጣ። ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ወንበር እያስተካከልኩ፣ ሙህዲን ግድግዳው ላይ ክብ ክብ ሥዕሎች ሲያሳይ አየሁ። የሌሎቹ ጣቢያዎች ክብ ልክ እንደ ዳቦ የተቆራረጠ፣ ቀለሙ የተለያየ ነው። የኛ የጎሊናው ጣቢያ ግን ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው። ሁሉም ደስተኛ፣ ቅሬታ የለም፣ መዛወር የሚፈልግ የለም። አለቃው «ይህን ጣቢያ ምሳሌ አድርጉት» አለ። አጨበጨቡ።

ሰው ሲወጣ ጠብቄ ሙህዲንን ሳሊሀ ዋጃ ብላለች አልኩት። አይሆንም እትዬ አለኝ። እዚያው ነበርኩ ስለው ላፕቶፑን መልሶ ከፈተው፤ ብዙ ቆየበት፤ ከዚያ ስልኩ የማን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። የዋሲሁን ነው፣ ሁሉም በዋሲሁን ስልክ ነው የመለሱት አልኩት። ሙህዲን ግንባሩን ያዘ።

«መጠይቁ ከአንድ ስልክ የሚቀበለው አንድ መልስ ነው» አለኝ። «አንድ ሰው ደጋግሞ እንዳይሞላ ተብሎ ነው። የመጀመሪያውን ይይዛል፣ ሌላውን እንደ ድግግሞሽ ይጥለዋል።»

«እናመሰግናለን ይላል እኮ።»

«እሱማ ለሁሉም ይላል።»

የያዘው የአባ ካሳውን ነበር። የዋጃው ቦታ በስብሰባው ማግሥት ለሌሎች ተሰጠ። ደብዳቤው የተፈረመው ደሴ ስለሆነ ሙህዲን ሊያስቀይረው ደውሎ ነበር፤ እኔው ፊት ነው የደወለው። ለሚቀጥለው ዓመት ትሙላ አሉት።

ጣቢያው ወርጄ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሳሊሀ እየሰማችኝ አፈር ትሞላበት የነበረውን የችግኝ ፕላስቲክ ሞልታ ጨረሰችና ከሌሎቹ ጎን አስተካክላ አቆመችው። ዋሲሁን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አየው፣ መልሶ ከተተው። አባ ካሳው ግን እንደገና እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ስነግራቸው «የኔ ነው የሷን የበላው?» አሉ። እንዲያ አይደለም አባ አልናቸው። እንዲያ መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

በበነጋው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከሰፈራቸው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ሳሊሀን ይዘው ቆቦ ቢሮ መጡ። ሰው ሊያስታርቁ እንደሚሄዱ ነው የመጡት። ሙህዲን ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። አልተቀመጡም።

«ልጄ» አሉት፣ «የኔን መልስ አውጣልኝና የሷን አስገባ። እኔ የጠየቅኩት ነገር የለም። ባዶ መልስ ነው የያዝክልኝ።»

ሙህዲን ተዘግቷል፣ ከኔ እጅ ወጥቷል እያለ ለማስረዳት ሞከረ። ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ማንን እንደሚለምኑ ጠፍቷቸው ወደ ግድግዳው፣ ወደ ላፕቶፑ ያያሉ። ዕርቅ ሲሄዱ የሚለመን ሰው አለ፤ እዚህ ሊለመን የሚችለው ልጅ ራሱ ለማኝ ሆኖ ቆሟል። ያኔ ነው ሳሊሀ ያን ቀን የተናገረችው።

«ይተዉት አባ። እርስዎን የቀደምኩ ቢሆን ኖሮም እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። እኔ ከእንግዲህ ሳጥን አልጠብቅም። እናቴ ጋ እሄዳለሁ።»

ወሩ ሲያልቅ ቦቲዋንና ባልዲዋን ለዕቃ ቤት አስረከበች። እስከ መናኸሪያው የሸኘኋት እኔ ነኝ። በባጃጅ ይዣት ስሄድ ዕቃዋ አንድ ፌስታልና የተጠቀለለ መጋረጃ ነበር። ደመወዟን ትታ እንደምትሄድ እያወቅኩ ቆዪ ልላት አልቻልኩም። ምን ይዤ ቆዪ እላታለሁ?

ከዚያ ወዲህ በመጠይቁ ጊዜ የሚልከኝ የለም። ሙህዲን ሕጉን አስተካክሎታል፤ ስልክ ለሌለው በየጣቢያው ታብሌት የሚያዞር ልጅ ይመጣል፣ አንዱ ሰው ሲጨርስ ለሌላው አዲስ ይከፍታል። ጥሩ ነው። አሁን የሁሉም መልስ ይቆጠራል ይሉኛል። እኔ የማሽላው እሸት ሲደርስ መወልወያዬን ይዤ በመስኮት አይሱዙው ሲወጣ አያለሁ። የሚናፍቀኝ ወረቀቱ አይደለም፤ ወረቀቱ ለማንም አልጠቀመም። የሚናፍቀኝ ሰው ፊቴ ተቀምጦ እስክጽፍለት ሲጠብቅ፣ «የቱ ጋ ነው?» ሲለኝ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ አላማጣ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ዋጃ ላይ ወረድኩ። ሳሊሀ ከመንገዱ ዳር ላስቲክ ጥላ ሥር ቲማቲምና ሽንኩርት ዘርግታ አገኘኋት። ከስታለች። እናቷ ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰው መሆኔን እንጂ ማን መሆኔን አላዩም። እጄን ይዘው «ያቺ የምትጽፈው ናት?» አሉ። አዎ አለቻቸው። እጄን ቶሎ አልለቀቁትም።

ስለ ኑሮ ስጠይቃት አልሀምዱሊላህ አለች። ሽንኩርቱ አንዳንድ ቀን ይሸጣል፣ አንዳንድ ቀን ይበሰብሳል። ግን ጠዋት የእናቷን ፊት ታጥባለች፣ ምሽት ጎናቸው ትተኛለች። ስለ ጣቢያው ጠየቀችኝ፤ ስለ አባ ካሳው፣ ስለ ኩርኩራው፣ እሷ ያፈላቻቸው ማንጎዎች ለማን እንደተሸጡ። የማውቀውን ነገርኳት። ጥቂት መኪኖች ካለፉ በኋላ «ዘንድሮስ ጠየቋችሁ?» አለችኝ።

«ጠየቁን።»

«ያንኑ ነው?»

«ያንኑ ነው።»

«እስቲ ጠይቂኝ» አለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ጥያቄዎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። በሥራዎ ምን ያህል ይደሰታሉ አልኳት፤ እየሳቀች ጥሩ ነው አለች። አለቃዎ እንዴት ነው ስላት ወደ እናቷ ጠቁማ «ዝቅተኛ» አለች፤ እሳቸው ከኋላ «ሰምቻለሁ» አሏት። ጓንትና ቦቲ አለፍነው። ሌላ ሐሳብ ካለዎት አልኳት።

ሳቋን አቆመች። የመንገዱን ማዶ፣ በቆቦ በኩል ያለውን የሜዳውን ጫፍ አየች።

«ጎሊና ብለሽ ጻፊልኝ» አለች።

እናቷ «ይቺ ልጅ ድሮም ያለችበት አይጥማትም» አሉና ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩ። እኔ ቦርሳዬን ከፈትኩ። እስክሪብቶው ነበር፤ ወረቀት ግን አልነበረኝም። ሳሊሀ ከሽንኩርቱ ሥር የተነጠፈውን ካርቶን ጫፍ ቀደደችና ሰጠችኝ። ጻፍኩላት። የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኋት። ጣቷን አኖረችበት። ሚኒባሱ ቆሞ ረዳቱ ቆቦ ቆቦ እያለ ሲጣራ ካርቶኑን ልሰጣት ዘረጋሁላት፤ «አንቺው ያዥው፣ አንቺ ነሽ የምታደርሽው» አለችኝ። የት እንደማደርሰው ሳልጠይቃት ተሳፈርኩ።